ፍሬን እምቢ አይልም

የመኪና አደጋ በደረሰ ቁጥር በአገራችን ከአፍ ወደ አፍ የምትተላለፍ አንዲት አጭር ቃል አለች፤ ይህችውም «ፍሬን እምቢ አለው» የምትለው ናት። ይህች ቃል ከተነገረች በኋላ ሰሚው ሁሉ ከንፈሩን መጥጦ ዝም ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅም ሆነ የሚመረመር ነገር የቀረ አይመስለውም። በቅሎ እምቢ ብትል፣ በሬም እምቢ ቢል ነገሩ ይገባናል፤ እንስሳ የራሱ ፈቃድ አለውና። ከብረት፣ ከሸራና ከዘይት የተሠራ ፍሬን ግን ፈቃድ የለውም፤ ፈቃድ የሌለው ነገርም እምቢ ሊል አይችልም። እንግዲያስ በዚያ ቁልቁለት ላይ እምቢ ያለው ማን ነው? የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ለመመርመር የተዘጋጀ ነው።

ውድ አንባብያን፤ ከእናንተ መካከል የራሱ መኪና ያለው ጥቂት፣ በሰው መኪና የሚሳፈረው ግን ብዙ መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም «ይህ የሾፌሮች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት እንለምናችኋለን። የተሳሳተው እምነት የሚያድረው በነጂው ራስ ውስጥ ቢሆንም፣ ዋጋውን የሚከፍለው ከኋላ የተቀመጠው ቤተሰብ ጭምር ነው። ይልቁንም ወሩ ነሐሴ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓልና ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ የሚደረገው የዘመድ ጥየቃ ብዙ ሰው ለመንገድ ያሥነሣል። በዚህ ወር ደግሞ መንገዱ ርጥብ፣ ጉሙም ጥቅጥቅ ያለ ነው።

የደቡብ ጎንደርን መንገድ የሚያውቅ ሰው ስለ ቁልቁለት ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም። በቻይናውያን መሐንዲሶች የተሠራው የወረታና የወልድያ መንገድ ከፎገራ ሜዳ ሲነሣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዓለም በርን አልፎ ደብረ ታቦር ሲገባ 2,700 ሜትር ይደርሳል። ከዚያም በክምር ድንጋይና በጋሳይ በኩል አድርጎ፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠውን የጉናን ተራራ እየተመለከተ ወደ ነፋስ መውጫ ሲያመራ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ወዲያ ማዶ ደግሞ የጨጨሆ ገደል ይጠብቃል። ለወጪው ዳገት የሆነው ሁሉ ለተመላሹ ቁልቁለት ነውና፣ በዚህ አገር መኪና የሚነዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መማር ያለበት መውጣትን ሳይሆን መውረድን ነው።

መኪና ከመምጣቱ በፊትም ቢሆን ይህ አገር የመንኰራኵርንና የቁልቁለትን ጠብ አይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት እየተጎተተ ወራት ፈጅቷል። ይህን የመሰለ ክብደት በዳገት ላይ መጎተትን፣ በቁልቁለት ላይ ደግሞ ወደ ኋላ መያዝን ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ካመለጠ የሚመልሰው የለምና። ዛሬ ጭነቱን የያዘ አንድ አነስተኛ የጭነት መኪና ከዚያ መድፍ ጋር የሚተካከል ክብደት አለው። ገመድ ይዞ ከኋላው የሚከተለው ሰው ግን የለም፤ የዚያን ሁሉ ሕዝብ ሥራ የሚሠሩት ሞተሩና ፍሬኑ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ ላይ የመጀመሪያውንና ከሁሉ የከፋውን የተሳሳተ እምነት እናገኛለን። ይኸውም «ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መኪናውን መልቀቅ ነዳጅ ይቈጥባል» የሚለው ነው። ይህን የሚያደርግ ነጂ ወደ ኋላ ከሚይዙት ሁለት ኃይሎች አንዱን፣ ማለት ሞተሩን፣ በገዛ እጁ አሰናበተ ማለት ነው። መኪናው በማርሽ ላይ ሳለ መንኰራኵሩ ሞተሩን በግድ ያዞረዋል፤ ሞተሩም በዚህ ምክንያት መኪናውን ይይዘዋል። ማርሹ ዜሮ በሆነ ጊዜ ግን ይህ መያዣ ይጠፋና ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ስለ ነዳጁስ ቢሆን ነገሩ እንደሚታሰበው አይደለም። በጥንቶቹ ባለ ካርቡሬተር መኪናዎች ሞተሩ በቁልቁለትም ጥቂት ቤንዚን ይስብ ስለ ነበር፣ እምነቱ ከዚያ ዘመን የተረፈ ሳይሆን አይቀርም። በዛሬዎቹ መኪናዎች ግን ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥቶ በማርሽ ቁልቁል ሲወርድ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው ነዳጅ ጨርሶ ይቋረጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ራሱ ነው። ማርሹ ዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ቀጥ ባለ ቁልቁለት ላይ ቈጠብሁ ያለው ሰው በእውነቱ የሚያባክን እርሱ ነው። ሞተሩን ጨርሶ አጥፍቶ የሚወርድ ቢኖር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል፣ ቁልፉ ከተነቀለም ጨርሶ ሊቈለፍ ይችላል።

የፍሬን ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለቤት እመቤቶች በሚገባ ምሳሌ እንግለጽ። ፍሬን መኪናን የሚያቆመው ሸራውን ከብረቱ ጋር በማፋተግ ነው፤ ፍትጊያውም ሙቀት ይሆናል። 7 ቶን የሚመዝን መኪና በቀጥታ ቁልቁለት ከፍታው 100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር፣ በፍሬኑ ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ የሚፈጠረው ሙቀት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ያህል ውኃ በእንጨት ለማፍላት ስንት ችቦ እንደሚፈጅና ስንት ሰዓት እንደሚወስድ የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪናው ግን ያን መቶ ሜትር የሚጨርሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። የቀጣዩ መቶ ሜትር ሙቀትም ያልቀዘቀዘው በላይ ላይ ይጨመርበታል።

ሸራው ከልክ በላይ ሲግል ብረቱን የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ታምቡር የሚባለው የብረት ከበሮም ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል። ነጂው ፍሬኑ እንደ ደከመ በተሰማው መጠን አጥብቆ ይረግጣል፤ አጥብቆ በረገጠ መጠን ይብሱን ይግላል። «እምቢ አለ» የሚባለው የዚህ ነገር ፍጻሜ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መኪናው ዳገቱን ለመውጣት በሚያስፈልገው ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረድ። ቁልቁለቱ የጸና፣ ጭነቱም የከበደ እንደ ሆነ ከዚያም አንድ ማርሽ ዝቅ ይበል። ይህ የሚደረገውም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት አስቸጋሪ ነውና። ፍሬኑም ያለማቋረጥ ተረግጦ አይውል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ጠንከር አድርጎ ረግጦ መቀነስ፣ ከዚያም ለቆ ማሳረፍ ይገባል።

ሁለተኛው እምነት «አገሩ ደጋ ነው፤ በዚህ ብርድ ፍሬን አይግልም» የሚል ነው። የደብረ ታቦር ብርድ የሰውን እጅ ያደነዝዝ ይሆናል፤ በመቶ በሚቈጠር ዲግሪ ለጋለ ብረት ግን የአሥር ወይም የሃያ ዲግሪ ልዩነት እጅግ ጥቂት ነገር ነው። ደግሞም በ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ሙቀትን የመውሰድ ኃይሉም በዚያው መጠን ያነሰ ነው። ስለ ሆነም ደጋው ለፍሬን ወዳጅ የሚመስል ባላጋራ ነው።

ሦስተኛው «የፍሬን ዘይት ካልፈሰሰ መለወጥ አያስፈልገውም» የሚለው ነው። ይህ ዘይት ከሌላው ዘይት የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ጨው በክረምት ከአየር ርጥበት ስቦ እንደሚወረዛ፣ የፍሬን ዘይትም ከአየር ውስጥ ውኃ ይጠጣል። «ዶት 3» የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ 205 ዲግሪ እስኪደርስ አይፈላም። ከጊዜ ብዛት ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። በፈላ ጊዜ እንፋሎት ይፈጥራል። ዘይት ቢጫኑት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ነጂው ሲረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፤ ኃይሉ ግን መንኰራኵሩ ዘንድ አይደርስም። ዘይቱ አንዲት ጠብታ ሳይፈስ ፍሬን የሚጠፋው እንዲህ ነው። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ የሚመከረውም ስለዚህ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

አራተኛው በመንገድ ዳር የሚታይ ልማድ ነው። ፍሬኑ ሲጨስ ረዳቱ ወርዶ በጋለው ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ይደፋበታል። ምጣድ ላይ ይህን የሚያደርግ ማንም የለም፤ የጋለ ምጣድ በድንገት ውኃ ሲያገኘው እንደሚሰነጠቅ ሁሉም ያውቃልና። ታምቡሩም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁም ዛሬ ባይታይ በሚመጣው ቁልቁለት ይታያል። የሚሻለው ሜዳ ቦታ ላይ አቁሞ፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፎ፣ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ መታገሥ ነው። ሲነሡም ድንጋዩን ከመንገዱ ማውጣት አይረሳ፤ በአስፋልት መካከል ተትቶ የሚቀር ድንጋይ ሌሊት በጉም ለሚመጣው ሌላ መንገደኛ የተጠመደ ወጥመድ ነው።

አምስተኛው ጎማን የሚመለከት ነው። «ጎማ ሲግል እንዳይፈነዳ አየር መቀነስ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ጎማውን የሠሩት ሰዎች ግን ይህን አስቀድመው አስበውበታል። የሚጽፉት ልክም ጎማው በርዶ ሳለ፣ ማለት ጧት ከመነሣት በፊት የሚለካ ነው። አየሩ የቀነሰ ጎማ ግን መሬት ላይ ይለጥጥና በዞረ ቁጥር ጎኑ እየታጠፈ ይዘረጋል። ሽቦን ደጋግሞ ሲያጥፉት እንደሚሞቅና በመጨረሻ እንደሚበጠስ፣ ይህም ጎማ ከውስጡ እየጋለ ይሄዳል። ስለዚህ እንዳይፈነዳ ብሎ አየር የቀነሰው ሰው የፍንዳታውን ምክንያት አዘጋጀ ማለት ነው።

ስድስተኛው የማለዳ ልማድ ነው። «በብርድ አገር ሞተር ግማሽ ሰዓት ካልሞቀ አይነሣም» የሚሉ አሉ። ዛሬ ያሉት ሞተሮች ዘይቱ እስኪዳረስ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በዝግታ እየሄዱ ቢሞቁ ቆመው ከመሞቅ ይልቅ ፈጥነው ይሞቃሉ። በአየር ግፊት የሚሠራ ፍሬን ያላቸው ትልልቅ መኪናዎች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ የአየሩ መለኪያ ከተወሰነለት ልክ ሳይደርስ መንቀሳቀስ አይገባቸውምና ለእነርሱ መጠበቁ ተገቢ ነው። ከሁሉ በላይ ግን በተዘጋ ግቢ ቤት ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መተው አደገኛ ነው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የለውም፤ ከሰል አቀጣጥለው በዘጉት ክፍል ተኝተው ከነጋ በኋላ ያልተነሡትን የገደለው ይኸው ጋዝ ነው።

እነዚህ እምነቶች እንዴት እስከ ዛሬ ኖሩ ቢባል፣ መልሱ ሩቅ አይደለም። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ካምቢዮ የምንላቸው ቃላት አብዛኞቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ከሾፌር ወደ ረዳት እየተላለፉም አገራዊ ሆኑ። የአነዳዱም ትምህርት በብዙው የመጣው በዚያው መንገድ ነው። ረዳቱ ጌታው ያደረገውን አይቶ ያደርጋል፤ ነገ ሾፌር ሲሆንም ለራሱ ረዳት ያንኑ ያስተምራል። በዚህ መንገድ ብዙ ዕውቀት ተጠብቆ ቈይቷል፤ ስሕተቱም አብሮ ተጠብቋል። ሃያ ዓመት ማርሹን ዜሮ አድርጎ ወርዶ ምንም ያልደረሰበት ሰው ልማዱ ትክክል የሆነ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ሃያ ዓመት መትረፍ የልማዱን ትክክለኛነት አያስረዳም፤ ያ ቀን ገና አለመምጣቱን ብቻ ያስረዳል።

ስለ አንድ ነገር ደግሞ በአክብሮት መናገር ይገባናል። በብዙ መኪና መስተዋት ላይ የቅዱሳን ሥዕል ተሰቅሎ ይታያል፤ አዲስ መኪና የገዛ ሰውም ካህን ጠርቶ ጸሎት ያስደርሳል፣ ጠበል ያስረጫል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን «መኪናዬ ተባርኳልና ምንም አይነካኝም» ብሎ የላላ ፍሬን ይዞ መውጣት እምነት ሳይሆን ድፍረት ነው። የፋርጣ ገበሬ ለዝናም ይጸልያል፤ ስለ ጸለየ ግን ሞፈሩን ሰቅሎ፣ ዘሩን በጎተራ ቈልፎ አይቀመጥም። ጸሎቱም ሥራውም ተባብረው ይሄዳሉ። ባለመኪናውም እንዲሁ ጧት ሲያማትብ ዝቅ ብሎ ጎማውንና የፍሬኑን ዘይት ቢመለከት ከጸሎቱ አንዳች አይጐድልም።

አሁን ወደ ተሳፋሪው እንመለስ። የመጨረሻውና ለቤተሰብ ሁሉ የሚሆነው እምነት «ሾፌርን መናገር ነውር ነው፤ ሥራውን እርሱ ያውቃል» የሚለው ነው። ይሉኝታችን ብዙ ጊዜ ያስከብረናል፤ በቁልቁለት ላይ ግን ያስገድለናል። ፍሬን ከመጥፋቱ በፊት ሦስት ጊዜ ይለምናል፤ በመጀመሪያ እንደ ተቃጠለ ጨርቅ የሚከረፋ ሽታ ያወጣል፤ ቀጥሎ ከጎማው በኩል ጭስ ይታያል፤ በሦስተኛው የነጂው እግር ከወትሮው ጠልቆ ሲረግጥ ይታያል። ሽታውን ሃያ ተሳፋሪ እያሸተተው ሁሉም ዝም የሚል ከሆነ፣ ዝምታው የሃያ ሰው ነው። የሞተሩ ድምፅ በቁልቁለት ላይ እንደ ማጓራት ሲል አትፍሩ፤ ሞተሩ መኪናውን ይዞታል ማለት ነው። ፈጽሞ ጸጥ ብሎ ነፋሱ ብቻ ሲያፏጭ ግን ያን ጊዜ ጠይቁ። «ወንድም ዓለም፣ ማርሽ አስገብተህ ቀስ ብለህ አውርደን» ማለት ስድብ አይደለም። አንዲት እናት «ልጄ፣ ሽታ ሸተተኝ፤ እስኪ ቁመህ እየው» ብትል የሚቈጣ ነጂ ቢኖር፣ ቍጣው ከገደሉ አይከፋም።

እናቶች ሆይ፤ «ሕፃን ከእቅፍ የበለጠ መጠጊያ የለውም» የሚለውንም እንድትመረምሩት እንለምናለን። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን በዚያች ቅጽበት 200 ኪሎ ያህል ይከብዳል። ይህን ክብደት ሊይዝ የሚችል የእናት ክንድ የለም፤ ፍቅር ቢበዛም የክንድ ጉልበት ልክ አለው። ስለዚህ ሕፃናት ከፊት ወንበር አይቀመጡ፤ ለሕፃን የተሠራው ወንበር የተገኘ እንደ ሆነ በእርሱ ይታሰሩ፤ ትልልቆቹም ቀበቶ ባለበት ሁሉ ቀበቶ ይታጠቁ።

ክፉ ቀን ሆኖ ፍሬኑ በመንገድ ላይ ቢደክምስ? ነጂው ሳይደናገጥ ፔዳሉን ደጋግሞ ፈጠን ፈጠን አድርጎ ይርገጥ፤ ጥቂት ኃይል ሊመለስ ይችላልና። ማርሹን በተራ አንድ በአንድ ዝቅ ያድርግ፤ ዜሮ ከቶ አያድርግ። የእጅ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በዝግታ ይሳብ። ሌላ ምርጫ ካጣም ከገደሉ ይልቅ በተራራው በኩል ያለውን የአፈር ግድግዳ ይምረጥ። መኪና ቢጠፋ መኪና ይተካል።

በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ እነሆ። ቁልቁለቱ ላይ እምቢ ያለው ፍሬኑ አልነበረም። ማርሹን ዜሮ ያደረገው እጅ እምቢ አለ፤ ዘይቱን ለመለወጥ ገንዘብ የሰሰተው ባለንብረት እምቢ አለ፤ ሽታውን ሸትቶ ዝም ያለው ተሳፋሪም እምቢ አለ። ፍሬኑስ እስከ መጨረሻው ታዞ ታዞ ኃይሉ ያለቀበት አገልጋይ ነበር። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ «ፍሬን እምቢ አለ» የሚል ቃል በሰማን ጊዜ ከንፈር መጥጠን ዝም ከማለት ይልቅ «ከዚያ በፊት ማን ምን አደረገ?» ብለን የመጠየቅ ልማድ እናውጣ። የጠየቅን እንደ ሆነ የሚቀጥለው መኪና ቁልቁለቱን በማርሽ ይወርዳል፤ የወጣውም ቤተሰብ በደኅና ወደ ቤቱ ይገባል።